ኩዊን (የሮክ ባንድ)

ኩዊን እ.ኤ.አ. በ1970 በለንደን ከተማ የተመሠረተ የእንግሊዝ የሮክ ሙዚቃ ባንድ ነው። ባንዱ የሚታወቅባቸው አራት አባላት ድምፃዊና የፒያኖ ተጫዋች ፍሬዲ ሜርኩሪ፣ የጊታር ተጫዋች ብራያን ሜይ፣ የድራም ተጫዋች ሮጀር ቴይለር እና የቤዝ ጊታር ተጫዋች ጆን ዲከን ናቸው። ሜርኩሪ በ1991 ከሞተ በኋላም የባንዱ ዘፈኖች አልተረሱም፤ ያን ጊዜ ገና ያልተወለዱ ወጣቶች ዛሬ በስታዲየም፣ በፊልምና በኢንተርኔት ይሰሟቸዋል። ለዚህ ዘላቂነት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ፣ ታዋቂዎቹ ዘፈኖች አድማጩ ራሱ ገብቶ እንዲዘፍናቸው ታስበው መሠራታቸው ነው።

የባንዱ ታሪክ ከኢትዮጵያም ጋር ይገናኛል። ኩዊን ይበልጥ የሚታወስበት መድረክ፣ በ1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለደረሰው ረሃብ እርዳታ ለማሰባሰብ የተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ነበር።

በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ተብለው ከተጠቀሱት በቀር ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመሠራረት

ሜይና ቴይለር በ1960ዎቹ መጨረሻ «ስማይል» በተባለ ባንድ ውስጥ አብረው ይጫወቱ ነበር። ሁለቱም ተማሪዎች ነበሩ፤ ሜይ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፊዚክስ ይማር ነበር፣ ቴይለር ደግሞ ወደ ለንደን የመጣው የጥርስ ሕክምና ሊማር ነበር። በ1970 የስማይል ድምፃዊ ባንዱን ሲለቅ ሜርኩሪ በቦታው ገባ፤ «ኩዊን» (ንግሥት) የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ የነበረው ዲከን በ1971 ተቀላቀለ። «ኩዊን» የተባለው የመጀመሪያው አልበም በ1973 ወጣ።

ሜርኩሪ የተወለደው መስከረም 5 ቀን 1946 በዛንዚባር ሲሆን የልደት ስሙ ፋሮክ ቡልሳራ ነው። ወላጆቹ ከሕንድ የመጡ የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች (ፓርሲ) ነበሩ። በልጅነቱ በሕንድ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ተምሯል። በ1964 የዛንዚባር አብዮት ሲነሳ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። በለንደን የሥነ ጥበብ ኮሌጅ የግራፊክስ ትምህርት ተከታትሏል፤ የባንዱን ዓርማም የነደፈው እሱ ነው።

ሜይ የሚጫወትበትን ጊታር ከ1963 ጀምሮ ከአባቱ ጋር በቤታቸው ሠራው። የጊታሩ አንገት የተሠራው ከአሮጌ የቤት ውስጥ ምድጃ በተወሰደ እንጨት ነው። ይህ «ሬድ ስፔሻል» የተባለ ጊታር በባንዱ አልበሞች ላይ ከሞላ ጎደል በሁሉም ይሰማል። ሜይ ክሮቹን የሚመታው በፕላስቲክ ሳይሆን በድሮ የእንግሊዝ የስድስት ፔኒ ሳንቲም ነው።

አራት ደራሲዎች

በአብዛኞቹ ባንዶች ግጥምና ዜማ የሚደርሱት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ናቸው። በኩዊን ግን አራቱም አባላት ደራሲዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውም በዓለም የታወቀ ዘፈን አላቸው። «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» እና «ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ» የሜርኩሪ ናቸው። «ዊ ዊል ሮክ ዩ» የሜይ ነው። «ሬዲዮ ጋ ጋ» እና «ኤ ካይንድ ኦፍ ማጂክ» የቴይለር፣ «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» እና «አይ ዎንት ቱ ብሬክ ፍሪ» ደግሞ የዲከን ሥራዎች ናቸው።

በዚህ ምክንያት የባንዱ ሥራ በአንድ ስልት የተወሰነ አይደለም። ከከባድ ሮክ ወደ ኦፔራ፣ ከጎስፔል መዝሙር ወደ ፈንክ ይሻገራል። በ1980 በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው የዲከን ዘፈን በቤዝ ጊታር ምት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሮክ የማይወዱ ሰዎችም ጨፍረውበታል። አንድ አድማጭ የባንዱን አንድ ገጽታ ባይወድ ሌላ ገጽታ ያገኛል። ከ1989ኙ «ዘ ሚራክል» አልበም ጀምሮ አባላቱ ዘፈኖቹን ሁሉ በባንዱ የጋራ ስም ማስመዝገብ ጀመሩ።

ቦሂሚያን ራፕሶዲ

በ1975 የወጣው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ለሬዲዮ ዘፈን በማይለመድ መልኩ 6 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ተደጋጋሚ አዝማች የለውም። በቀስታ ዜማ ይጀምራል፣ ወደ ኦፔራ ይለወጣል፣ ከዚያ ከባድ ሮክ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ እንደ አጀማመሩ ይረጋጋል።

የኦፔራው ክፍል ብቻውን ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጅቷል። በክፍሉ ብዙ መዘምራን ያሉ ቢመስልም የሚሰማው የሜርኩሪ፣ የሜይና የቴይለር ድምፅ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው ቴፕ 24 የድምፅ መስመሮች ብቻ ስለነበሩት፣ ሦስቱ የዘፈኑትን ወደ ጥቂት መስመሮች እያጠቃለሉ በላዩ ላይ እንደገና ይዘፍኑ ነበር። ቴፑ በማሽኑ ውስጥ ከመመላለሱ ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ እንደነበር ሜይ ተናግሯል።

የአሳታሚው ኃላፊዎች ዘፈኑ ረዝሟል ብለው ነበር። ኬኒ ኤቨረት የተባለ የለንደን ሬዲዮ አቅራቢ ግን በአንድ ቅዳሜና እሑድ ደጋግሞ አጫወተው፤ አድማጮችም ሳይሸጥ በፊት ይጠይቁት ጀመር። ዘፈኑ በብሪታንያ ለዘጠኝ ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ለቴሌቪዥን ተብሎ የተቀረጸለት ፊልምም ለኋለኛው የሙዚቃ ቪዲዮ ባህል ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ተቀባዩ ሕዝብ

በ1977 ባንዱ በእንግሊዝ አገር ስታፎርድ አካባቢ ባደረገው ኮንሰርት መጨረሻ ታዳሚው አልወጣም ነበር። ቆሞ የእግር ኳስ ደጋፊዎች የሚዘፍኑትን መዝሙር ለባንዱ ዘፈነ። ሜይ እንደተናገረው እሱና ሜርኩሪ ከዚያ ምሽት በኋላ ሕዝቡ ራሱ የሚዘፍነው ሥራ ለመጻፍ ተነሱ። ሜይ «ዊ ዊል ሮክ ዩ»ን፣ ሜርኩሪ «ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ»ን ጻፈ። ሁለቱም በዚያው ዓመት በአንድ ሸክላ ወጡ።

«ዊ ዊል ሮክ ዩ» የሚጀምረው ያለ ጊታርና ያለ ቤዝ ነው። ሁለት ጊዜ እግር ይመታል፣ አንድ ጊዜ ይጨበጨባል፤ ከዚያ ድምፃዊው ይገባል። ጊታሩ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። መቀመጫ ጠቦት የቆመ ሰው ቢሆን እንኳ መርገጥና ማጨብጨብ ይችላል የሚል ሐሳብ ከሥራው በስተጀርባ ነበር። ምቱን የቀረጹት የባንዱ አባላትና ጓደኞቻቸው የእንጨት ጣውላ እየረገጡ ነው። ሜይ የፊዚክስ እውቀቱን ተጠቅሞ ድምፁን በተለያየ የጊዜ ልዩነት ደጋገመው። ልዩነቶቹን የመረጠው ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ በማይካፈሉ ብቸኛ ቁጥሮች መሠረት ነው። በዚህም የገደል ማሚቶ ሳይሆን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚረግጥ እንዲመስል አድርጎታል።

በሠርግ ቤት አውጪ ሲያወጣ ታዳሚው እያጨበጨበ እንደሚቀበል ሁሉ፣ በእነዚህ ዘፈኖችም ተቀባዩ የሥራው አካል ነው። ያለ ተቀባይ ዘፈኑ ጎደሎ ነው። ሁለቱ ዘፈኖች በስፖርት ሜዳዎች ከ40 ዓመታት በላይ የቆዩትም ለዚህ ነው፤ ምቱን ለማወቅ ባንዱን ማወቅ፣ እንግሊዝኛ መቻልም አያስፈልግም። ብዙ ልጆች የደራሲውን ስም ከመስማታቸው በፊት ምቱን ይማራሉ።

ላይቭ ኤይድ እና የ1977ቱ ረሃብ

ጥቅምት 23 ቀን 1984 (ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.) ቢቢሲ ከኮረም የተላከ ዘገባ አስተላለፈ። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ካሜራ ያነሳው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ዘገባው በወሎና በትግራይ የነበረውን ረሃብ ለዓለም አሳየ። ድርቅ፣ ጦርነትና የደርግ መንግሥት እርምጃዎች ተደራርበው ባባሱት በዚያ ረሃብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል።

ዘገባውን ያየው የአየርላንድ ድምፃዊ ቦብ ጌልዶፍ ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖ የእርዳታ ዘፈን አሳተመ፤ ኩዊን በዚያ ዘፈን ላይ አልተሳተፈም። ቀጥሎ ሐምሌ 13 ቀን 1985 (ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.) በለንደን ዌምብሊ ስታዲየምና በአሜሪካ ፊላደልፊያ በአንድ ቀን የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተካሄደ። ኮንሰርቱ በሳተላይት በብዙ አገሮች በቀጥታ ታየ።

ኩዊን በዚያ ወቅት ስሙ ጎድፎ ነበር። በ1984 የባሕል ማዕቀቡን ጥሶ በአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ በሰን ሲቲ በመጫወቱ በተባበሩት መንግሥታት ጥቁር መዝገብ ገብቷል፣ የብሪታንያ ሙዚቀኞች ማኅበርም ቀጥቶታል። ባንዱ ፖለቲካ ውስጥ እንደማይገባና የተጫወተውም ለሁሉም ዘር እንደሆነ ቢናገርም ትችቱ አልቆመም።

በዌምብሊ ለእያንዳንዱ ባንድ የተሰጠው ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ነበር። ኩዊን ለዚህ አጭር ጊዜ በለንደን አንድ ቲያትር ቤት ውስጥ አስቀድሞ ልምምድ አደረገ። አዲስ ሥራ አላቀረበም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን ዘፈኖች አሳጥሮ አያያዛቸው። ወደ 72 ሺህ የሚጠጋው ታዳሚ የመጣው ለኩዊን ብቻ አልነበረም። ሆኖም በ«ሬዲዮ ጋ ጋ» ሁሉም እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ በአንድነት አጨበጨበ። ሜርኩሪም ያለ ሙዚቃ መሣሪያ በድምፁ ብቻ ዜማ እያወጣ ስታዲየሙን አስቀበለ። በ2005 በብሪታንያ የሙዚቃ ባለሙያዎች በሰጡት ድምፅ ይህ ትዕይንት ከሮክ ታሪክ ኮንሰርቶች ሁሉ የበለጠ ተብሎ ተመርጧል።

ላይቭ ኤይድ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳሰባሰበ ይነገራል። በሌላ በኩል በመድረኩ ላይ የአፍሪካ ሙዚቀኞች ለማለት በሚያስቸግር ቁጥር መገኘታቸው ተተችቷል። ዘመቻው ኢትዮጵያን ለረጅም ዓመታት በረሃብ ምስል ብቻ እንድትታወቅ አድርጓል የሚል ቅሬታም ይነሳል። ስለ ኩዊን በሚጻፉ ብዙ ሥራዎችም የዚያን ቀን 21 ደቂቃ ገደማ የሚተርኩ ምዕራፎች ሰፊ ሲሆኑ፣ ኮንሰርቱ የተዘጋጀለት ሕዝብ የሚጠቀሰው በጥቂት ቃላት ነው።

የሜርኩሪ ሞት

ሜርኩሪ ከባንዱ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ኮንሰርት ያቀረበው ነሐሴ 9 ቀን 1986 በኔብወርዝ ነው። በ1987 የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ በደሙ ውስጥ መኖሩን አወቀ። ሕመሙን ከሕዝብ ደብቆ ቢቆይም ስቱዲዮ መግባቱን አላቆመም። ኅዳር 23 ቀን 1991 ኤድስ እንዳለበት በይፋ አስታወቀ፤ በማግሥቱ በ45 ዓመቱ በለንደን ቤቱ ሞተ።

በዚያን ጊዜ በሽታው በብዙ አገር በኀፍረት የሚነገር ነበር። «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» እንደገና ታትሞ በብሪታንያ ለሁለተኛ ጊዜ አንደኛ ሆነ፤ ገቢውም ለኤድስ ሕሙማን መርጃ ዋለ። ሚያዝያ 20 ቀን 1992 በዌምብሊ የመታሰቢያ ኮንሰርት ተደረገ። በዚያው ዓመት ኤድስን ለመዋጋት የሚሠራው የሜርኩሪ ፊኒክስ ትረስት ተቋቋመ።

ከሜርኩሪ በኋላ

ሜርኩሪ ከመሞቱ በፊት የቀረጻቸው ድምፆች በ«ሜድ ኢን ሄቨን» አልበም በ1995 ወጡ። ዲከን በ1997 ከሙዚቃ ሥራ ራሱን አገለለ። ሜይና ቴይለር መጀመሪያ ከፖል ሮጀርስ፣ በኋላ በአሜሪካ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ከታወቀው አዳም ላምበርት ጋር መድረክ ላይ ቀጠሉ። ላምበርት የተወለደው ባንዱ ብዙዎቹን ታላላቅ ሥራዎቹን ከሠራ በኋላ በ1982 ነው። ሜይ በወጣትነቱ ያቋረጠውን የሥነ ፈለክ ጥናት ጨርሶ በ2007 የዶክትሬት ዲግሪ ተቀብሏል።

እያንዳንዱ ትውልድ ወደ ባንዱ የገባበት በር የተለያየ ነው። በ1992 «ዌይንስ ዎርልድ» የተባለው አስቂኝ ፊልም ወጣቶች በመኪና ውስጥ «ቦሂሚያን ራፕሶዲ»ን ሲዘፍኑ አሳየ፤ ዘፈኑም ከወጣ ከ16 ዓመታት በኋላ በአሜሪካ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ሆነ። ከ2002 እስከ 2014 በባንዱ ዘፈኖች የተሠራ የሙዚቃ ቲያትር በለንደን ታይቷል። በ2018 የወጣው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ፊልም ደግሞ አራት የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል፤ ሜርኩሪን ሆኖ የተወነው ራሚ ማሌክ በምርጥ ተዋናይነት ተሸልሟል።

ፊልሙ ለድራማ ሲል የታሪኩን ቅደም ተከተል ለውጧል። ሜርኩሪ ሕመሙን ለጓደኞቹ የነገራቸው ከላይቭ ኤይድ በፊት እንደሆነ ያሳያል፤ በእውነቱ ግን ኮንሰርቱ የተካሄደው ቫይረሱ እንዳለበት ከማወቁ ሁለት ዓመት ገደማ አስቀድሞ ነው። ባንዱም ከላይቭ ኤይድ በፊት አልተበተነም ነበር፤ በ1984 አልበም አውጥቶ እስከ 1985 አጋማሽ ድረስ በየአገሩ ሲዞር ቆይቷል።

ባንዱ በ2001 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ገብቷል። በ1981 የወጣው «ግሬተስት ሂትስ» የተባለው የተመረጡ ዘፈኖች ስብስብ በብሪታንያ ታሪክ ከሁሉም በላይ የተሸጠ አልበም ነው።