እንፋሎቱ ሳያልቅ ክዳኑ አይነካም

ቦሎቄ የቀቀለ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ማለዳ የተጣደ ድስት እስከ ረፋድ ይንተከተካል። ማገዶው ያልቃል። ልጆች «እማዬ፣ አልደረሰም?» እያሉ ይመላለሳሉ። የሽምብራውም ነገር ያው ነው።

ለምን ይቆያል? አንዱ ምክንያት የአገራችን ከፍታ ነው። እንደ ጅቡቲ ባለ የባሕር ዳርቻ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። በደጋ ግን አየሩ ስስ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከፈላ በኋላ እንጨት ብንጨምርበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። እህሉም ቶሎ አይበስልም።

ለዚህ ችግር የሚረዳ ድስት አለ። በከተማ ፕሬዠር ኩከር ይሉታል። እኛ የእንፋሎት ድስት እንበለው። መጀመሪያ የሠራው ዴኒ ፓፒን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ጊዜውም በፈረንጆች አቆጣጠር 1679 ነበር።

የድስቱ ክዳን ዙሪያውን ጎማ አለው። ጥብቅ ብሎ ይገጥማል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውስጥ ይታመቃል። ሙቀቱም በደጋ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ በውሃ ሲዘፈዘፍ ያደረ ቦሎቄ፣ ድስቱ ማፏጨት ከጀመረ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢበቃው ነው። ማገዶም ይተርፋል፤ ጊዜም ይተርፋል።

ነገር ግን የታመቀ እንፋሎት ኃይለኛ ነው። በድሮ ጊዜ የጅቡቲን ባቡር ይጎትት የነበረው እንፋሎት እኮ ነው።

ለአንዲት ጎረቤታችን ልጃቸው ይህን ድስት ከከተማ ላከችላቸው። እሳቸውም እስከ አፉ ሞልተው ምስር ጣዱበት። የምስሩ ገለፈት የእንፋሎቱን መውጫ ደፈነው። ፉጨቱ ቆመ። እሳቸው በረደ ብለው ክዳኑን በጉልበት አዞሩት። የፈላው ምስር ክንዳቸውንና ደረታቸውን አቃጠለው። ዛሬ ድነዋል፤ ጠባሳው ግን አለ። «ዝም ሲል ያለቀለት መሰለኝ፣ ልጆቼ» አሉን።

እኛም ከእሳቸው ተማርን። እስቲ ሥራውን በተራ እንየው።

መጀመሪያ ክዳኑን ወደ ብርሃን አንሥተን በቀዳዳው እንይ። ብርሃን ካልታየ ተደፍኗል። በስንደዶ እንጥረገውና በውሃ እንጠበው። ጎማውንም እንይ። ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ በአዲስ ይለወጥ። እንደ አረቄ ድስት በሊጥ አይመረግም።

ሁለተኛ፣ ልኩን እንወቅ። ብዙውን ጊዜ በድስቱ ሥር ቁጥር ተጽፏል። 6 ሊትር የሚል ከሆነ ሥጋና አትክልት ከነውሃው ከ4 ሊትር አይለፍ። ቦሎቄና ሽምብራ ያብጣሉ፤ ስለዚህ ከ3 ሊትር አይለፉ። ምስርና ክክ አረፋ ያበዛሉ፤ በተራ ድስትም ቶሎ ስለሚበስሉ እዚያው ቢቀቀሉ ይሻላል። ውሃው ከግማሽ ሊትር አይነስ። ክዳኑን ገጥመን በዘይት አንጥበስበት።

ሦስተኛ፣ እሳቱን እንቆጣጠር። ድስቱ ማፏጨት ሲጀምር ከሰሉን እንቀንስ ወይም እንጨቱን እንሳብ። ነበልባሉ እጀታውን እንዳይልሰው እንጠንቀቅ። በመውጫው ላይ የምትቀመጠው ትንሽ ብረት በልክ የተሠራች ናት። በላይዋ ድንጋይ ወይም ሌላ ክብደት አንጫን። ልጆች አጠገቡ አይጫወቱ።

ድስቱ ገና እሳት ላይ ሳለ ድንገት ዝም ካለ፣ ያ የአደጋ ምልክት ነው። ወይ መውጫው ተደፍኗል፤ ወይ ውሃው አልቋል። እሳቱን ከሥሩ እናውጣ። ድስቱን ሳንነካ እስኪቀዘቅዝ እንራቅ።

አራተኛ፣ አከፋፈቱ። ድስቱን ከእሳት ካወረድን በኋላ 20 ደቂቃ ያህል እንተወው። ከዚያ ትንሿን ብረት በእንጨት ማንኪያ በጥቂቱ እናንሣት። ፊታችንን እናርቅ። «ሽሽ» ካለ እንፋሎቱ አላለቀም፤ ብረቷን መልሰን እንጠብቅ። ዝም ቢልም ክዳኑ ጉልበት ከጠየቀ አንታገለው። ድስቱ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ እንቆይ። እንፋሎት ያለቀበት ክዳን ያለ ትግል ይዞራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሰው ቢቃጠል፣ ቀለበትና አምባር ቶሎ ይውለቅ። የተቃጠለው ቦታ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቡና ወይም ጭቃ አይቀባ። በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ባለእንፋሎት ድስት ከሁለት ሰዓት ላይ አንዱን ሰዓት ተኩል ያተርፍልናል። ከዚያ ላይ 20 ደቂቃ ለመጠበቅ ብንሰጠው ምን ይጎዳናል? ይህን ያነበብን ሁሉ፣ ድስቱ ላለበት ላላነበበ ጎረቤታችን እናንብብለት።