የመድኃኒትን ቀኝና ግራ ቅርጽ መለየት ያስቻለው የኬሚስትሪ ምርምር

የበርካታ መድኃኒቶች ሞለኪውሎች እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን አንዱ በሌላው ላይ የማይገጥም ሁለት ቅርጾች አሏቸው። አንደኛው ቅርጽ ሲፈውስ ሌላኛው ጥቅም የለሽ ወይም ጎጂ ሊሆን ስለሚችል ለይቶ ማምረቱ የጤና ጉዳይ ነው።

በተለመደው የአመራረት ዘዴ ሁለቱ ቅርጾች እኩል ተቀላቅለው ስለሚገኙ የማይፈለገው ግማሽ ይባክናል። አሜሪካዊው ዊልያም ኖውልስ እ.ኤ.አ. በ1968 ሮዲየም ከተባለው ውድ ብረት የተሠራ ካታሊስት፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ንጥረ ነገር፣ አንዱን ቅርጽ አብልጦ ሊያስገኝ እንደሚችል አሳዩ። ግኝቱ የፓርኪንሰን ሕመም መድኃኒት የሆነውን ኤል-ዶፓ በፋብሪካ ለማምረት አስችሏል።

ጃፓናዊው ሪዮጂ ኖዮሪ በበኩላቸው ባይናፕ የተሰኘውን ውህድ እ.ኤ.አ. በ1980 ከባልደረቦቻቸው ጋር ይፋ አደረጉ። ውህዱ የብረቱን አቶም ከሁለት ወገን በመያዝ ለውጡ በአንድ አቅጣጫ እንዲያመዝን ያደርጋል። የጃፓኑ ታካሳጎ ኩባንያም በዚሁ ዘዴ ሜንቶል ያመርታል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከባሪ ሻርፕለስ ጋር የ2001 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው የፖሊሲ መግለጫ አዳዲስ መድኃኒቶችን የሚያቀርቡ አምራቾች ስለ ሁለቱም ቅርጾች እንዲያስረዱ ጠይቋል። ስለሆነም በመድኃኒት ቁጥጥር ሥራ የንጥረ ነገሩን ስም ማወቅ ብቻ በቂ አይደለም፤ ቅርጹም መረጋገጥ ይኖርበታል።