የገና ሰሞን የዶሮ አያያዝ

ገና ሲቃረብ በየቤቱ የዶሮ ወሬ ይበዛል። የትኛው ይታረድ? የትኛው ይሸጥ? የትኛዋስ ትቅር? ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ሳምንት አያያዙን ያወቀ ቤት ዓመቱን ሙሉ እንቁላል ያገኛል። ያላወቀው ቤት ደግሞ ጥር ሳይጋመስ ቆጡ ባዶ ይሆናል። ለምን ይመስላችኋል?

እኛ ተማሪዎች አንድ የገና ሳምንት በሰሜን ሸዋ ደጋ በአንድ ገበሬ ቤት ሰነበትን። በቤቱ አባወራው፣ እማወራዋ፣ አራት ልጆችና የአባወራው እናት ይኖራሉ። ዶሮዎቹ ደግሞ 10 ናቸው፤ አንድ ትልቅ አውራ፣ ሁለት ጎረምሳ አውራ፣ አራት እናት ዶሮዎችና ሦስት ቄቦች። እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ሰዎች ስለ ዶሮ ወጥ እንጂ ስለ ዶሮ ብዙም አናውቅ። የቤቱ ዋና የዶሮ መምህር አያትየዋ ነበሩ። እርሳቸው ያደረጉትን፣ እኛም ከባለሙያና ከመጽሐፍ የተረዳነውን አንድ ላይ አድርገን እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ የእንቁላሉን ነገር እንይ። ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ጾመ ነቢያት ነው። ጿሚው ሰው እንቁላል አይበላም። ገበያም ላይ ፈላጊ ስለሚያንስ ዋጋው ይወርዳል። ታዲያ ዶሮዋ ጾም አታውቅ፣ መጣሏን አትተው! አያትየዋ በዚህ ጊዜ እንቁላል በርካሽ አይሸጡም። ታኅሣሥ 15 ቀን አንዲቱ ዶሮ መታቀፍ ስትፈልግ 12 እንቁላል መርጠው አስታቀፏት። የመረጧቸው ከተጣሉ ሳምንት ያላለፋቸውን፣ ያልተሰነጠቁትንና ንጹሖቹን ነው። እንቁላል ብዙ ቀን በቆየ መጠን የመፈልፈል ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከ10 ቀን በላይ የቆየውን ባያስታቅፉት ይሻላል። የተረፈውን እንቁላል ጤፍ ውስጥ ቀብረው ቀዝቃዛ ቦታ አስቀመጡት። ለበዓሉ ሳምንት ዋጋው ሲወጣ ከፊሉ ተሸጠ፣ ከፊሉ ለወጥ ቀረ።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫው ነው። አባወራው የሰባችውን ዶሮ ማረድ ፈልጎ ነበር። እናቱ እንቢ አሉ። እኛም እርሳስና ወረቀት አንሥተን አሰብነው፤ እናንተም አስቡት። የሐበሻ ዶሮ በአንድ ዙር ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 እንቁላል ትጥላለች። በዓመት ሦስት ወይም አራት ዙር ትጥላለች። ዝቅተኛው 12 ጊዜ 3፣ ማለት 36 እንቁላል ነው። ከፍተኛው 15 ጊዜ 4፣ ማለት 60 እንቁላል ነው። የምትጥል ዶሮ አረድን ማለት ይህን ሁሉ እንቁላልና ከዚያ የሚወጣውን ጫጩት በአንድ ቀን በላን ማለት ነው። አውራው ግን እንቁላል አይጥልም። ለ10 ዶሮ አንድ አውራ ይበቃል። ስለዚህ ትልቁ አውራ ይቅር፣ ከጎረምሶቹ አንዱ ይታረድ፣ ሌላው ይሸጥ ተባለ።

ዶሮ መጣል አለመጣሏ በምን ይታወቃል? አያትየዋ ዶሮዋን ገልብጠው ከፊንጢጣዋ በታች ያሉትን ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ይዳስሳሉ። በአጥንቶቹ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከገባ እየጣለች ነው። አንድ ጣት እንኳ በጭንቅ ከገባ አትጥልም። የምትጥለዋ ኩክኒዋም ቀይና ለስላሳ ነው። ከአራቱ አንዲቱ አሮጊት በዚህ ፈተና ወደቀች። እርሷም ከጎረምሳው ጋራ ለገበያ ታሰበች።

ታኅሣሥ 24 ቀን ገበያ ዋለ። ገበያውን ያየ ሰው የዶሮን መከራ ያውቃል። ከየቀበሌው የመጣው ዶሮ እግሩ እየታሰረ በአንድ ላይ ይጋደማል። አንዱ በሌላው ላይ ይተነፍሳል፣ ይኮሳል። ዶሮው ያመመው ሰውም ሳይሞትብኝ ልሽጠው ብሎ እዚያው ያመጣዋል። ክፋት ብቻ አይደለም፣ ችግርም አለበት፤ ግን ጉዳቱ ያው ነው። የእኛ አባወራ አሮጊቷን ዶሮ ሸጠ። ጎረምሳውን ግን ነጋዴው ዋጋ ስለሰበረበት እምቢ ብሎ መልሶ ይዞት መጣ። ደጅ ደርሶ ገመዱን ሊፈታ ሲል አያትየዋ ከምድጃው ዳር ሆነው ጮኹ።

«አንተ ልጅ፣ እንዳትለቀው!»

«እማ፣ የራሳችን ዶሮ እኮ ነው። ዛሬ ጠዋት ከዚሁ የወጣ።»

«ወጥቶ የት ዋለ? ከማን ጋራ ታስሮ ዋለ? እሱን ንገረኝ።»

አባወራው መልስ አልነበረውም። ጎረምሳው በትልቅ ቅርጫት ተደፍቶ ከዶሮዎቹ ራቅ ብሎ ጥጃ ማሰሪያው ጋ ተቀመጠ። ብዙ ሰው ከገበያ የተገዛ ዶሮ ለብቻ መቀመጥ እንዳለበት ይሰማል። ሳይሸጥ የተመለሰው ግን የራሱ ስለሆነ አይጠረጥረውም። እኛ እንደምናስበው ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። ገበያ የዋለ ዶሮ ሁሉ እንግዳ ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። የውሃ ዕቃው ለብቻ ይሁን። ጥሬም ውሃም መጀመሪያ ለጤነኞቹ፣ በመጨረሻ ለእርሱ ይሰጥ። ከዚያም እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሥራውን የያዘችው የ11 ዓመቷ ልጅ ነበረች። አንድ ቀንም አልዘለለችም።

የበዓሉ ዋዜማ ሌላ ጉዳይ አለበት። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን በ28 ነው። በዋዜማው ሌሊት ትልቁ ትንሹ ቤተ ክርስቲያን ያድራል። ሸለምጥማጥም ይህን የምታውቅ ይመስል ያን ሌሊት ትመጣለች። ስለዚህ ቤተሰቡ ከመሄዱ በፊት ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ መስፈራቸው ተቆጠረ። የቤቱ ሽንቁር ተደፈነ፣ በሩ ላይ ድንጋይ ተንከባለለ። ደጋ በመሆኑ ታኅሣሥ ውርጭ አለው፤ ከቆጡ ሥር ደረቅ ገለባ ተጎዘጎዘ። ነፋስ እንዲገባ ከላይ በኩል ትንሽ ክፍተት ተተወ። ድፍን ብሎ የታፈነ ቤት ለዶሮ ሳንባ ጥሩ አይደለም።

የዶሮ ወጡን አሠራር ለእናቶች ማስተማር ድፍረት ይሆንብናል። 12ቱን ብልት ማን እንደሚያወጣ፣ ሽንኩርቱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ፣ በሎሚና በጨው ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ እነርሱ ያውቁታል። ፈረሰኛው ለማን እንደሚወጣ ደግሞ የየቤቱ ጉዳይ ነው። እኛ የምንለው ስለሚጣለው ነው። ደሙ፣ ላባው፣ አንጀቱና የታጠበበት ውሃ በየደጁ ሲደፋ ሌሎች ዶሮዎች ይለቅሙታል። ውሻም እየጎተተ ወደ ጎረቤት ይወስደዋል። የታረደው ዶሮ በሽታ ይዞ ከነበረ በሽታው በዚህ መንገድ መንደሩን ያዳርሳል። አባወራው ከጓሮ አንድ ክንድ ተኩል ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር። የሚጣለው ሁሉ እዚያ ገብቶ አፈር ለበሰ።

በበዓሉ ቀን ወንዶቹ ገና ጨዋታ ወጡ። እኛም በትራችንን ይዘን ወጣን፤ የተመለስነው ግን እያነከስን ነው። ማታ ልጅቱ ወደ ቅርጫቱ ሄዳ ፊቷ ተለውጦ መጣች። ጎረምሳው ጥሬውን አልነካም። ላባው ቆሟል፣ ክንፉ ወድቋል፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ኩሱ አረንጓዴ ነው። ገበያ ከዋለ 5 ቀን ሆኖታል።

ለበዓል የመጣ አንድ ጎረቤት «ሳይሞት ቢላ እናድርስለት፣ ሥጋው ለምን ይባክናል?» አለ። የአንድ አውራ ዋጋ ለገበሬ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ አባወራውም አመነታ። አያትየዋ ግን አላስነኩም። ጥር 1 ቀን ሞተ። በጥልቅ ጉድጓድ ተቀበረ፣ ቅርጫቱም ተቃጠለ። 

ይህ በሽታ ፈንግል ይባላል። ሐኪሞች ኒውካስል ይሉታል። ስሙን ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1926 በታየባት የእንግሊዝ ከተማ ነው። በዚያው ዓመት ጃቫ በተባለችው የኢንዶኔዥያ ደሴትም ታይቷል። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው። በኩስ፣ በአፍና በአፍንጫ ፈሳሽ፣ በውሃ መጠጫ፣ በቅርጫትና በጫማ ሳይቀር ይተላለፋል። ዶሮዋ ከተያዘች በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 15 ቀን ይፈጃል፤ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ቀን ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ ደህና የመሰለ ዶሮ ታሞ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ለብቻ ይቆይ ያልነውም ለዚህ ነው። አንዳንዷ አንገቷ ይጣመማል፣ እግሯ ይሽመደመዳል። አንዳንዷ ምልክት ሳታሳይ ሞታ ትገኛለች። ሰውን አልፎ አልፎ ዓይን ከማቅላት በቀር ብዙም አይጎዳም። ነገር ግን የታመመ ዶሮ ማረድ ደሙንና ላባውን መበተን ነው። ደግሞስ በሽታው ፈንግል መሆኑን ማን አረጋገጠ? ሰውን የሚጎዳ ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል።

ያ ጎረቤት ለበዓሉ ከዚያው ገበያ አንዲት ዶሮ ገዝቶ እስክትታረድ ድረስ ከራሱ 13 ዶሮዎች ጋራ ለቋት ነበር። እስከ ጥር 5 ቀን የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ሚስቱ ለልጇ ደብተር የምታስበው ከእነዚያ ዶሮዎች ነበር። ምንም ማለት አልቻልንም።

ለፈንግል መድኃኒት የለውም። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ አረቄ የሚያጠጡ አሉ፤ አያድነውም። ዋናው መከላከያ ክትባት ነው። ክትባቱ እዚሁ በአገራችን፣ በቢሾፍቱ ይመረታል። ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ የሚችለው ዓይነት ለገጠር ይስማማል፤ ቢሆንም ፀሐይ እንዳይነካው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አሰጣጡም ቀላል ነው፤ በዶሮዋ አንድ ዓይን አንድ ጠብታ ይንጠባጠባል። ለትልቁም ለጫጩቱም ልኩ ያው ነው። ከተሰጠ በኋላ ለመከላከል አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ በሽታው ደጅ ከደረሰ በኋላ መሮጥ ብዙ አይጠቅምም። የታመመችውንም አያድናትም። በየአራት ወሩ ይደገማል። በኅዳር፣ በመጋቢት መጀመሪያና በሐምሌ ብታስከትቡ ከገና፣ ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ ገበያ ይቀድማችኋል። አንድ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ጎረቤት ተሰባስቦ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢጠራ ወጪው ይቀላል።

የእኛ ቤት ዶሮዎች በኅዳር ተከትበው ነበር። ያም ሆኖ ጎረቤት ሲሞት እስኪያልፍ ድረስ ግቢ ውስጥ ተዘግተው ከረሙ። የታቀፈችው ዶሮ ይህን ሁሉ አላወቀችም። ታኅሣሥ 15 ላይ 21 ቀን ሲደመር ጥር 6 ይሆናል። ጥር 6 ቀን ጠዋት ልጅቱ እየሮጠች ቀሰቀሰችን። ከ12ቱ እንቁላል 9 ተፈልፍሏል። አያትየዋ የተፈጨ እህል በትነው፣ በዝርግ ጣባ ውሃ አቅርበው፣ እናቲቱን ከነጫጩቶቿ በቅርጫት ደፏቸው፤ ጭልፊት ከላይ እየዞረ ነበር።