የተሰነጠቀ የሞተር ቤት መቼ ይድናል?

የሞተር ሳይክል ካቴና በሩጫ ላይ ሲበጠስ ከፊተኛው ጥርስ ላይ ይጠቀለልና ከጀርባው ያለውን የሞተር ቤት ይመታል። ሞተሩ ለእድሳት ሲፈታ እዚያ ቦታ ላይ የጥፍር ያህል ስንጥቅ ወይም የተፈነቀለ ጠርዝ ማግኘት የተለመደ ነው። በአዲስ መተካት ደግሞ ከባድ ወጪ አለው። ግራና ቀኝ የሞተር ቤቶች ፋብሪካ ውስጥ ተጋጥመው አንድ ላይ ስለሚበሱ፣ አንዱ ሲበላሽ በአብዛኛው ጥንዱ ይለወጣል።

ስለዚህ መጠገን ይሻላል። ግን ስንጥቁ የት ጀምሮ የት ያልቃል? በዓይን ብቻ አይታወቅም። ጥንቃቄ የሚያውቅ መካኒክ ቦታውን አጽድቶ ነጭ ጋዝ ይቀባዋል፤ ጥቂት አቆይቶ ይጠርገውና የጠመኔ ዱቄት ይነሰንስበታል። ስንጥቁ ውስጥ የሰረገው ጋዝ ወደ ጠመኔው ሲሳብ ቀጭን ጥቁር መስመር ይወጣል። መስመሩ ወደ ኩሽኔታ መቀመጫ ካመራ ጉዳዩ ከባድ ነው፤ ጫና በሌለበት የውጭ ግድግዳ ላይ ካለቀ ግን ብዙ አማራጭ አለ።

በብየዳ መጀመር ስህተት ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ አየር ሲነካው ፊቱን የሚሸፍነው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይቀልጥም። ቆዳው ሳይነሳ እሳት ከተለቀቀበት ውስጡ ፈሳሽ፣ ላዩ ድፍን ይሆናል። ከዚህም በላይ አሉሚኒየም ከመቅለጡ በፊት እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም።

አርጎን ብየዳ ይህን የሚወጣው በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፦ አንዱ ዙር ኦክሳይዱን ይሰባብራል፣ ሌላው ብረቱን ያቀልጣል፣ ጋዙ ደግሞ አየር ይከለክላል። ያኔም ሌላ ችግር አለ። በቅልጥ የተሠራው አሉሚኒየም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ለዓመታት ዘይት ጠጥቷል፤ ሲሞቅ ዘይቱ ተቃጥሎ ይወጣና ብየዳውን አጥቁሮ ያቦረቡረዋል። ሙቀቱ የኩሽኔታ መቀመጫውን ካጣመመው ደግሞ ጥገናው ከጉዳቱ ይከፋል።

ለውጭ ግድግዳ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚበቃው ብረት ነክ ኢፖክሲ ነው። በመጀመሪያ የስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳል፤ ጫናው የሚከማቸው ሹሉ ጫፍ ላይ ስለሆነ ክቡ ቀዳዳ ያሰራጨዋል፣ ስንጥቁም አይቀጥልም። ከዚያ ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፣ ከቅባት ይጸዳል፣ ይለጠፋል። ብሎን በሚጎትተው ቦታ ላይ ግን ኢፖክሲ አይታመንም።

የብሎን ጥርስ መበላት ከሁሉም ይዘወተራል፤ ጠንካራው የብረት ብሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅ ለስላሳውን አሉሚኒየም ይልጠዋል። መፍትሔው ቀዳዳውን አስፍቶ አዲስ ጥርስ ማውጣትና የማይዝግ የብረት ሽቦ ጥቅል ማስገባት ነው። ጥቅሉ አሉሚኒየሙን የሚይዘው በሰፊው ቀዳዳ ላይ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ጥርስ የበለጠ ይሸከማል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎች ታጥበው በአየር ይነፋሉ፤ እዚያ የቀረ የአሉሚኒየም ብናኝ ሞተሩ እንደተነሳ ከዘይቱ ጋር ኩሽኔታው ጋ ይደርሳል።