የተፈናጣጩ መቀመጫ፦ ሞተር ብስክሌት ለሁለተኛው ሰው እንዴት ይመቻል?

ሞተር ብስክሌት በመሠረቱ በአሽከርካሪው ልክ የሚሠራ ማሽን ነው። መሪው፣ ማርሹ፣ ፍሬኑና የፊት ወንበሩ ሁሉ በእርሱ እጅና እግር ተለክተው ሲደራጁ፣ ከኋላው ለሚፈናጠጠው ሰው የሚተርፈው የወንበሩ ጫፍ፣ ሁለት የእግር ማሳረፊያዎችና አንድ የብረት እጀታ ብቻ ነው። ተፈናጣጩ መሪ አይጨብጥም፣ ፍሬን አይረግጥም፣ ከፊት ያለውን ጉድጓድም ብዙ ጊዜ አያይም፤ በመሆኑም ሚዛኑን የሚጠብቀው ሰውነቱ ማሽኑን በሚነካባቸው በእነዚሁ ሦስት ቦታዎች ብቻ ነው። ያልተመቸው ሰው በየጊዜው ይቁነጠነጣል፣ መቁነጥነጡም በሁለት ጎማ የቆመውን ማሽን ሚዛን ያዛባል፤ ስለዚህ የተፈናጣጩ ምቾት የሁለቱም ሰዎች ደኅንነት ነው።

ጉዳዩ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ጎልቶ ይታያል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲመሠረት ሦስቱም በሥሩ ተጠቃለዋል። በዋናው አስፋልት ላይ ሕዝቡን የሚያመላልሱት አውቶቡስና ሚኒባስ ናቸው፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ወደሚገቡት የኮብልስቶንና የኮረኮንች መንገዶች የሚዘልቀው ባጃጅ ነው፤ ባጃጅ በማይደፍረው ጭቃና ዳገት ደግሞ ሞተር ብስክሌት ይተካል። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. በሞተር ብስክሌቶች እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ስለጣለ፣ ወደ መዲናዋ የሚሄድ ሰው ከሞተር ወርዶ በሌላ መጓጓዣ ጉዞውን መቀጠል ይኖርበታል። በእነዚህ ከተሞች መውጣትና መውረድ በአንድ መንገድ ደጋግሞ የሚመጣ ሥራ ስለሆነ፣ ለተፈናጣጩ የሚደረገው ዝግጅት ከመቀመጫው ባሻገር አወጣጡንና አወራረዱንም ማካተት አለበት።

መቀመጫውን ለማሻሻል በቅድሚያ ያለበትን ቦታ መረዳት ያስፈልጋል። አሽከርካሪው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ስለሚቀመጥ የኋላው ጎማ ጉድጓድ ሲመታ የሚደርሰው ንቅናቄ ከፊሉ ብቻ ነው፤ ተፈናጣጩ ግን ከኋላው ጎማ ልክ በላይ ስለሚቀመጥ እያንዳንዱን መነሣትና መውደቅ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይቀበለዋል። ይህን ለማቃለል ለስላሳ ስፖንጅ መጨመር ብቻውን አይበቃም፤ በጣም የለሰለሰ ስፖንጅ በሰው ክብደት ተጨፍልቆ ከሥሩ ካለው ጠንካራ መደብ ጋር ያገናኛልና። ጥሩ ወንበር ከታች ጠጠር ያለ፣ ከላይ ደግሞ ቀጠን ብሎ የለሰለሰ ስፖንጅ ተደርቦበት ይሠራል፤ ክብደቱ በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ እኩል እንዲያርፍም ስፋቱ ይጠበቃል። ወንበሩ ወደ ፊት ካዘመመ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ተፈናጣጩ በአሽከርካሪው ጀርባ ላይ ስለሚንሸራተት፣ የኋላው ክፍል ሜዳ መሆን አለበት። የመኪና ወንበር የሚያለብስ ባለሙያ ይህን ሁሉ አሮጌውን ሽፋን ገልጦ መሥራት ይችላል።

ከወንበሩ ቀጥሎ የሚመጣው ሞላው፣ ማለትም በኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ሆኖ ንዝረቱን የሚያበርደው ጥምዝ ብረት ነው። በአብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የሞላው ግርጌ በቁልፍ የሚዞር ባለ ደረጃ ቀለበት አለው፤ ብቻውን ለሚሄድ ሰው በላላው ደረጃ የነበረው ሞላ ተፈናጣጭ ሲጨመር ወደ ጠበቀው ካልተዛወረ፣ ጫፉ ድረስ ተጨፍልቆ ምቱን በቀጥታ ወደ ወገብ ያደርሳል። የኋላ ጎማው ነፋስም አምራቹ ለሁለት ሰው ባዘዘው መጠን መሞላት አለበት። ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ሱሉልታ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሞተሩ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ እያጣ ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህሉን ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ አሽከርካሪ ማርሹን አስቀድሞ ካልቀነሰና ፍሪሲዮኑን በዝግታ ካልለቀቀ፣ ማሽኑ እየተንገጫገጨ ተፈናጣጩን ወደ ኋላ ይወረውረዋል።

የእግር ማሳረፊያው ቀላል ቢመስልም ብዙ ነገር ይወስናል። ከወንበሩ እጅግ ከቀረበ ጉልበት ከመጠን በላይ ይታጠፋል፤ ከራቀ ደግሞ እግር ይንጠለጠላል፣ ክብደቱም ጭን ላይ ይወድቃል። ከጎማው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች በሚወዛወዘው ክንድ ላይ የተበየደ ማሳረፊያ የመንገዱን ምት ሁሉ ለእግር የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ በሻንሲው ላይ የታሰረው ግን በሞላው ስለሚጠበቅ ይሻላል። እግሩ ማሳረፊያው ላይ የማይደርስ ሕፃን ሚዛኑን የሚጠብቅበት ድጋፍ ስለሌለው ከኋላ መቀመጥ አይገባውም።

እጀታው ከወንበሩ ጎንና ጎን ቢሆን ተፈናጣጩ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት፣ ማሽኑ ሲነሣ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ራሱን መቆጣጠር ያስችለዋል። ለአረጋውያንና ወገባቸውን ለሚያማቸው ከቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ ከሆነ ብረት፣ የተሠራ በስፖንጅ የተሸፈነ የጀርባ መደገፊያ መጨመር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ይህን የመሰለውን ሥራ በያጁ ሲሠራ ባትሪውን መፍታት፣ ሰልባቲዮውን፣ ማለትም የነዳጅ ታንከሩን፣ ማውረድና ብየዳውን ከተወዛዋዡ ክንድ ማራቅ ይኖርበታል።

የአለባበስ ነገርም ሊዘነጋ አይገባም። የነጠላ፣ የጋቢ ወይም የቀሚስ ጫፍ በካቴናው ወይም በጎማው ሽቦዎች ሊጠቀለልና ለባሹን ጎትቶ ሊጥል ይችላል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው የሞተር ተሽከርካሪዎች ደንብ፣ ተፈናጣጭ የሚጫንበት ሞተር ብስክሌት ሁሉ ቋሚ እጀታ፣ የእግር ማሳረፊያና ቢያንስ የኋላውን ጎማ ግማሽ የሚሸፍን የልብስ መከላከያ እንዲኖረው አዝዛለች፤ ደንቡ ሳሪ የተባለውን ረጅም የሴቶች ልብስ የሚለብሱትን ከአደጋ ለመከላከል የታሰበ ቢሆንም ለነጠላ ለባሿም እኩል ይጠቅማታል። ስለዚህ ከሕንድ በመጡ ሞተሮች ላይ የሚገኘውን ይህን ከለላ ለጌጥ ወይም ለክብደት ተብሎ መፍታት ስሕተት ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ብዙም የማይስተዋል ችግር አለ። በሕንድ ተሽከርካሪ በግራ በኩል ስለሚሄድ የመንገዱ ዳር በግራ ነው፤ ተፈናጣጩም በግራ ይወጣል፣ ትኩሱ ማርሚታ ወይም የጭስ ማውጫ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ይሆናል። ኢትዮጵያ ግን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ አገር ስለሆነች፣ በዳር የቆመ ሞተር ማርሚታውን ለእግረኛው፣ መውጫውን ለመኪና መተላለፊያው ይሰጣል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ አንደኛው ከአስፋልቱ ፈጽሞ ወጥቶ በውስጥ መንገድ ማሳፈር ሲሆን፣ ሁለተኛው ማርሚታውን ክፍተት በተተወለት ላሜራ ሸፍኖ በቀኝ በኩል መውጣት እንዲቻል ማድረግ ነው። በቀኝ መውጣት ከተቻለ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ራሱ ደረጃ ይሆናል፤ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ወንበር 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ጠርዝ ላይ ሲለካ ወደ 60 ይወርዳል፣ ይህም ጉልበታቸው ለደከመ ሰዎች በመውጣትና ባለመውጣት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ተደራሽነት፣ ማለትም አካል ጉዳተኞች አገልግሎቱን ከሌላው እኩል መጠቀም መቻላቸው፣ በእነዚህ አካባቢዎች የተለየ ክብደት አለው። ሰበታ ዕውቅ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ ከእርሷ ወደ አዲስ አበባ በሚያስገባው መንገድ ላይ በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው የአለርት ሆስፒታል ይገኛል፤ ከቡራዩ ወደ ሆለታ በሚወስደው አቅጣጫ ደግሞ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት የሚታከሙበት የመናገሻው የቼሻየር ማዕከል አለ። ለዓይነ ስውር ተፈናጣጭ የሚያስፈልገው ከማሽኑ ይልቅ የአሽከርካሪው ቃል ነው፤ አስቀድሞ እጁን ወደ እጀታው ማድረስ፣ ማርሚታው በየት በኩል እንዳለ መንገር፣ ከመጠምዘዝና ከጉድጓድ በፊትም ማሳወቅ ይገባዋል። ለምርኩዝ ተጠቃሚ በወንበሩ ጎን በላስቲክ የተሸፈኑ ሁለት መንጠቆዎች ቢበየዱ፣ ምርኩዙ ከጎማው ርቆ እጁም ነፃ ሆኖ ይጓዛል።

እግሩን አንሥቶ ወንበሩን መሻገር ለማይችል ሰው ግን ባለ ሦስት ጎማው ባጃጅ ይሻለዋል። የዚህ ዓይነቱ ተሽከርካሪ ዘር የሚመዘዘው መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ለጣሊያኑ ኩባንያ ለፒያጆ ከነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1948 ከወጣው አፔ ነው። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ተሳፋሪው ሚዛን መጠበቅ ሳያስፈልገው ይቀመጣል፤ ይሁንና በመግቢያው ላይ ቀጥ ያለ መያዣና ለሚታጠፍ ተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ማሰሪያ ቢጨመርበት አገልግሎቱ ይሟላል።

ይህ ሁሉ የራስ ቁር፣ በተለምዶ ሄልሜት የሚባለው፣ ከሌለ ጎዶሎ ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ግምገማ እንዳሳየው፣ ሄልሜት በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል፤ የተፈናጣጩም ጭንቅላት ከአሽከርካሪው ያነሰ ጥበቃ የሚገባው አይደለም።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ትራንስፖርት ተደራሽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ ሰዎች በተቻለ መጠን ራሳቸውን ችለው እንዲንቀሳቀሱ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ በከተሞቹ ጎዳና ላይ ሥጋ የሚለብሰው ስፖንጅ በሚቆርጠው፣ ቱቦላሬ በሚበይደውና ሞላ በሚያጠብቀው ባለሙያ እጅ ነው። ማሻሻያው ሁሉ በአካባቢው ጋራዦችና ብየዳ ቤቶች የሚገኝ ዕቃና ሙያ ብቻ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ሰው የሚጭን ባለ ሞተር ሁሉ አንድ ቀን መሪውን ለሌላ ሰጥቶ ራሱ ከኋላ ተፈናጥጦ በሚሠራበት ኮረኮንች ላይ ቢጓዝ፣ የትኛውን ቀድሞ ማስጠገን እንዳለበት ያውቃል።