ሥራው ከጀርባ ሲሠራ መስኮቱ «ስታክ» እንዳያደርግ

የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ በኋላ፣ በድሮ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ለዚህ ፐርል ምቹ ነው፤ ዳንኤል ያዕቆብ ለግዕዝ ፊደል ያዘጋጃቸው የፐርል ሞጁሎችም አሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማብራራው ግን ፊደሉ ሲለወጥ መስኮቱ ለምን እንደሚደርቅ ነው።

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲሠራ አይቻለሁ። ጸሐፊዋ ቁልፉን ስትጫን መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሥራው አልቆመም፤ እሷ ግን በምን ትወቀው? ተበላሸ ብላ ትዘጋዋለች፤ የደንበኛው ሰነድ በግማሽ ተቆርጦ ይቀራል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በፐርል ቲኬ «ሜይንሉፕ» የሚባለው ዙር አንድ ሠራተኛ ብቻ እንዳለው ሱቅ ነው። የማውስ ጠቅታ የሚቀበለውም፣ መስኮቱን መልሶ የሚስለውም እሱ ነው። ቁልፉ የሚጠራው ሰብሩቲን 5 ደቂቃ ከፈጀ፣ ሠራተኛው 5 ደቂቃ ጓዳ ገብቶ ቆየ ማለት ነው። ደንበኛ ቢጣራ የሚሰማ የለም።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ሥራውን መቆራረጥ ነው። ጥቂት መስመሮች ለውጦ ለቀጣዮቹ በ«አፍተር» ቀጠሮ መያዝና ወደ ሜይንሉፕ መመለስ። በመሀል «አፕዴት» መጥራትም ይቻላል፤ ነገር ግን ተጠቃሚው ያንኑ ቁልፍ ደግሞ ሊጫን ስለሚችል ቁልፉን አስቀድሞ መዝጋት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሥራውን ለሌላ ፕሮሰስ ሰጥቶ ውጤቱን በፓይፕ መቀበል ነው። «ፋይልኢቨንት» ፓይፑ ላይ የሚነበብ ነገር ሲመጣ ብቻ ይጠራናል። ሲጠራን በ«ሲስሪድ» እናንብብ፤ በተለመደው የመስመር ንባብ ከሄድን ሙሉ መስመር እስኪመጣ መስኮቱ ተመልሶ ይደርቃል። በ«ፎርክ» የተወለደው ልጅ ፕሮሰስ መስኮቱን ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ወሬውን ለወላጁ ይላክ፣ ወላጁ ያሳይ። ዊንዶውስ ላይ ፋይልኢቨንት ከፓይፕ ጋር ስለማያስተማምን፣ ልጁ የደረሰበትን ፋይል ላይ እየጻፈ ወላጁ በየግማሽ ሰከንዱ ቢያየው ይሻላል።

በየትኛውም መንገድ ብንሄድ ውጤቱን በጊዜያዊ ስም ጽፈን፣ ሙሉ ሲሆን ብቻ ስሙን እንለውጥ። «ሰርዝ» የሚል ቁልፍና «ከ300 ገጽ 40 አልቋል» የሚል መስመርም እንጨምር። ጸሐፊዋ ሥራው መሄዱን ካየች ፕሮግራሙን የምትዘጋበት ምክንያት የላትም።