የወር አበባ፦ በእፍረት የታጠረ እውቀት



እኛ በጉለሌ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዮሎጂ እናስተምራለን፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ መድረሳ እናስቀራለን። በመድረሳው ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ ጥያቄ የሚከቱበት ሳጥን አለ። ረመዷን ሊገባ ሲቃረብ ከሳጥኑ ይህን አገኘን፦ «የ14 ዓመት ልጅ ነኝ። የወር አበባ ጓደኛዬን በየ28 ቀኑ ይመጣባታል። እኔን ግን አንዴ በ24፣ አንዴ በ40 ቀን ነው። በሽታ ይሆን? ጾሜስ? እናቴን መጠየቅ አፈርኩ።»

የአገሪቱ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው እዚሁ ጉለሌ፣ ፓስተር ነው። ይህች ልጅ ግን አንድ ቀላል መልስ አልደረሳትም። ጥፋቱ የማን ነው? የእኛ የወላጆችና የአስተማሪዎች አይደለምን?

ከቀን የረዘመ ዑደት

አላህ በሰው አካል ውስጥ ልዩ ልዩ ሰዓቶችን አኑሯል። እንቅልፍና ንቃት በ24 ሰዓት ይመላለሳሉ፤ ፍራንዝ ሀልበርግ የተባሉ ተመራማሪ በ1959 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነቱን ዑደት «ሰርካዲያን» ብለው ሰየሙት። ከአንድ ቀን በላይ የሚፈጀው ዑደት ደግሞ «ኢንፍራዲያን» ይባላል። ከእነዚህ በሰው ዘንድ እጅግ የታወቀው የወር አበባ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ለእንቁልጢ ትእዛዝ ትልካለች። እንቁላል መብሰል ይጀምራል፤ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞንም የማህፀንን ግድግዳ ያወፍራል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ያንን ግድግዳ ጠብቆ ያቆያል። እርግዝና ካልተፈጠረ ሁለቱም ሆርሞኖች ይቀንሳሉ፤ የተዘጋጀው ሽፋንም ተገርስሶ ከደም ጋር ይወጣል። እንግዲህ ይህ ደም የበሽታም የቅጣትም ምልክት አይደለም።

«28 ቀን» የሚባለውስ? በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በስልክ ፕሮግራም የተመዘገቡ 612,613 ዑደቶችን መርምሮ አማካዩን 29.3 ቀን አግኝቷል። እንቁላል እስኪወጣ በአማካይ 16.9 ቀን፣ ከዚያ በኋላ 12.4 ቀን ይፈጃል። ዑደትን በአብዛኛው የሚያስረዝመውና የሚያሳጥረውም የመጀመሪያው ክፍል ነው። የወር አበባ በጀመራቸው የመጀመሪያ ዓመታት ደግሞ ለልጃገረዶች ከ21 እስከ 45 ቀን ያለው ሁሉ ጤናማ ነው። ስለዚህ የጠያቂያችን 24ም ሆነ 40 አያስደነግጥም።

ከጨረቃ ጋር ይሄዳል የሚሉም አሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. የጀርመን ተመራማሪዎች የ22 ሴቶችን የረጅም ዓመታት መዝገብ ሲያጠኑ የአንዳንዶቹ ዑደት ለጊዜው ከጨረቃ ጋር ሲገጥም፣ ከዚያም ሲለያይ አይተዋል። በዚህ ተማምኖ ቀን መቁጠር አይቻልም።

ልማድ በፊቅህ

የፊቅህ ሊቃውንት ሴት ሁሉ የየራሷ ልማድ እንዳላት ጥንትም ያውቁ ነበር፤ «ዓዳ» ይሉታል። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ ደሟ አልቆም ባላት ጊዜ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በግልጽ ጠየቀች። ሐይድ በሚመጣባት በለመደቻቸው ቀናት ሶላት እንድትተው፣ ከዚያ ታጥባ እንድትሰግድ ነገሯት። አልተቆጧትም፤ አላሳፈሯትም።

በሐነፊ መዝሀብ የሐይድ ትንሹ 3፣ ትልቁ 10 ቀን ነው። በሻፊዒይ ትንሹ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ትልቁ 15፣ የተለመደው 6 ወይም 7 ቀን ነው። ከዚህ ያለፈው ኢስቲሓዳ ይባላል፤ ሶላትና ጾም አያስቀርም። በሐይድ ያለፈ ጾም ቀዷ ይወጣል፤ ሶላት ግን ቀዷ የለውም። ታዲያ ቀኗን የማትቆጥር ልጅ መቼ ሶላት እንደምትተው፣ መቼ ታጥባ እንደምትሰግድ፣ ስንት ቀን ቀዷ እንዳለባት በምን ታውቃለች?

ምን እናድርግ?

እናቶች ሆይ! ለልጃችሁ አንዲት ትንሽ ደብተር ስጧት። የጀመረበትን ቀን፣ ያቆመበትን ቀን፣ የደሙን መጠን ትጻፍ። ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ ሞዴስ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ካስቀየረ፣ ለሦስት ወር ከቀረ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ካልጀመራት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ብዙ ደም ከሰውነት ብረት ያጎድላል፤ ክፍል ውስጥ የምታንቀላፋው ልጅ ሰነፍ ሳትሆን ደም ያነሳት ልትሆን ትችላለች። የመዝሀቡ ቁጥር ለዒባዳ፣ የሐኪሙ ቁጥር ለጤና ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

አባቶችም አላችሁበት። ፍሬወይኒ መብራህቱ የተባሉ ኢትዮጵያዊት መሐንዲስ መቀሌ ላይ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ ፋብሪካ አቋቁመው በ2019 እ.ኤ.አ. ከሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና ተብለዋል። ያ ሁሉ ድካም ሴት ልጅ በዚህ ምክንያት ከትምህርት ገበታዋ እንዳትቀር ነው። የወሩን አስቤዛ ስትገዙ ይህንንም ሳትጠየቁ ጨምሩበት። በረመዷን ቀን ደግሞ ልጃችሁን «ለምን አልጾምሽም?» እያላችሁ በሰው ፊት አታስጨንቋት።

መልሱን ለተማሪዎቻችን ሁሉ አነበብነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሳጥኑን ስንከፍት ሰባት ወረቀት ነበረበት። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ «እኔ እናት ነኝ። እኔንም ማንም አልነገረኝም።»

ወላሁ አዕለም።